ኮምፒውተር ዕጣውን ከየት ያመጣዋል?

የዕቁብ ዕጣ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ የታሰበበት ሥራ ነው። አምቦ ገበያ አካባቢ እህል የምትሸጥ፣ ጨርቅ የሚነግድ፣ ባጃጅ ያለው፣ አስተማሪ፣ በጠቅላላው 16 ሰው እሑድ እሑድ ሁለት ሁለት ሺህ ብር ይጥላል እንበል። በየሳምንቱ 32,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል። ጸሐፊው ስሞቹን የሚጽፈው ከአንድ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ነው። ብጫቂዎቹን እኩል ይቆርጣቸዋል፣ እኩል ያጥፋቸዋል፤ አንዷ ወፈር ካለች ጣት ያውቃታልና። ከዚያ ቆብ ውስጥ ተጨምረው ይናጣሉ፤ አንድ ሕፃን ይጠራና እጁን ያስገባል። ሕፃን የሚመረጠው ልቡ ንጹሕ ስለሆነ ነው ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናው ነገር ማንበብ አለመቻሉ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ነገር ነው፦ ቀጥሎ የሚወጣውን ስም እዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው ማንም አስቀድሞ እንዳያውቅ። ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ልጁም።

አሁን ወጣቱ ጸሐፊ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ቆቡን ተዉት፣ ይሄ ራሱ ያወጣልናል» አለ እንበል። ከዕቁብተኞቹ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «ልጄ፣ ስልኩ የማንን ስም እንደሚጠራ ማን ነገረው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የሚስቅባቸው ይኖራል። ጥያቄያቸው ግን የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቃውንት ከሰባ ዓመት በላይ ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ ነው።

ስልክ ቆብ የለውም። ኮምፒውተር የተባለ ነገር ሁሉ የታዘዘውን በታዘዘው ቅደም ተከተል ከመሥራት ሌላ አያውቅም፤ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢጠይቁት ሁለቴም ያንኑ መልስ ይመልሳል። የደመወዝ ሒሳብ ሲሠራልን የምንወድለት ጠባዩ ይህ ነው፤ ለዕጣ ግን አይመችም። ስለዚህ ስልኩ ዕጣ አያወጣም፤ ዕጣ የሚመስል ቁጥር ያሰላል።

ስሌቱን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በእስክሪብቶ መሥራት ይቻላል። ለ16ቱ ዕቁብተኞች ከ0 እስከ 15 ቁጥር እንስጣቸው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የያዝነውን ቁጥር በ5 እናባዛለን፣ 3 እንደምራለን፣ ለ16 እናካፍላለን፤ ቀሪው ዕጣ የወጣለት ሰው ቁጥር ነው። ያው ቀሪ ለሚቀጥለው ሳምንት ስሌት መነሻ ይሆናል። ከ7 እንነሣ። 7 በ5 ሲባዛ 35፣ 3 ሲጨመርበት 38፣ ለ16 ሲካፈል 6 ይተርፋል። 6 በ5 ሲባዛ 30፣ 3 ሲጨመርበት 33፣ የሚተርፈው 1 ነው። ከ1 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 11 እያለ ይቀጥላል። ሙሉው ሰልፍ 7፣ 6፣ 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15፣ 14፣ 9፣ 0፣ 3፣ 2፣ 13፣ 4 ሲሆን ከ4 በኋላ 7 ተመልሶ ይመጣል።

ሁሉም ደረሳቸው፣ ማንም ሁለት ጊዜ አልደረሰውም፣ ሰልፉም ለዓይን የተዘበራረቀ ነው። ይህ ስልት አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1949 ካቀረበው ሐሳብ የተወለደ ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የዓለም ኮምፒውተሮች «ራንደም ቁጥር» ሲያወጡ የኖሩት በዚህ ነው። ልዩነቱ በ5፣ በ3 እና በ16 ፈንታ ግዙፍ ቁጥሮች መግባታቸው ብቻ ነው።

ሰልፉን ግን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። 7 ኢተጋማሽ፣ 6 ተጋማሽ፣ 1 ኢተጋማሽ፣ 8 ተጋማሽ፤ እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ ሳይዛነፍ ይፈራረቃሉ። ዛሬ ለ11 ቁጥር ከወጣ፣ በሚቀጥለው እሑድ ኢተጋማሽ ቁጥር የያዙት ሁሉ ከቤታቸው ባይወጡም አይቀርባቸውም። የሚካፈለው ቁጥር 2 በራሱ እየተባዛ የተገኘ እንደ 16 ያለ እስከሆነ ድረስ፣ የቱንም ያህል ቢተልቅ እንከኑ አይለቀውም። ይህን ያወቁ ፕሮግራም ሠሪዎች የቁጥሩን ጅራት ጥለው ራሱን ብቻ ይወስዳሉ።

«ታዲያ ሕጉን ማንም ጫፉን እንዳይዘው አድርገን ብናወሳስበውስ?» የሚል አይጠፋም። የዘመናዊው ኮምፒውተር አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጆን ቮን ኖይማን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሞከረው ይህንኑ ነው። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይወሰዳል፣ በራሱ ይባዛል፣ ከሚወጣው ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር መካከል ላይ ያሉት አራቱ ይያዛሉ፤ እነሱ ደግሞ ቀጣዩ መነሻ ይሆናሉ። በስልክዎ ካልኩሌተር በ6100 ይሞክሩት። በራሱ ሲባዛ 37210000 ነው፤ መካከሉ 2100። 2100 በራሱ ሲባዛ 4410000 ነው፤ ስምንት አኃዝ እንዲሞላ ከፊቱ ዜሮ ይጨመርለታል፤ መካከሉ 4100። 4100 በራሱ 16810000፤ መካከሉ 8100። 8100 በራሱ 65610000፤ መካከሉ 6100። አራት ዙር ብቻ ሄዶ መነሻው ላይ ቆመ፤ ከዚህ በኋላ እስከ ምጽአት ድረስ ያው አራት ቁጥር ነው የሚመላለሰው።

ይህ የቮን ኖይማን ዕድል መጥፎ ስለሆነ የመጣ አይደለም። ሒሳብ ፋንክሽን የሚለው ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ መልስ፣ አንድ ብቻ የሚሰጥ ሕግ ነው። ራንደም ፋንክሽን ደግሞ የእያንዳንዱ ግብዓት መልስ በዕጣ የተመረጠለት ነው፤ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ግን አይለወጥም። እዚሁ ዕቁብ ቤት ልንሠራው እንችላለን። 16ቱ ሰዎች በየተራ ከቆቡ አንድ ስም ያወጣሉ፣ የወጣላቸውን ስም ደብተር ላይ ያስመዘግባሉ፣ ወረቀቷን ግን ወደ ቆቡ ይመልሷታል። የመጨረሻው ሰው አስመዝግቦ ደብተሩ ሲከደን ራንደም ፋንክሽን ተሠርቶ አለቀ። አሁን ደብተሩን ገልጠን ከአንዱ ሰው ወደ አወጣው ስም፣ ከዚያ ስም ባለቤት ደግሞ እሱ ወደ አወጣው ስም እንሂድ። በአማካይ አምስት ሰው ያህል ከሄድን በኋላ ቀድሞ ያለፍንበት ሰው ላይ ተመልሰን እንወድቃለን። ስድስት ገደማ የሚሆኑት ደግሞ ስማቸውን ያወጣ ሰው ጨርሶ አይኖርም። ቁጥሮቹ 16 መሆናቸው ቀርቶ 10,000 ቢሆኑ እንኳ መንገዱ በአማካይ 125 እርምጃ ገደማ ሄዶ በራሱ ላይ ይታጠፋል። ባለ አራት አኃዝ ቁጥሮች ደግሞ በትክክል 10,000 ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከጠበቅነው ተቃራኒ የሚሆነው። ሥርዓት የሌለው ሕግ ቶሎ ይደክማል። ያቺ ትንሿ ሕጋችን 16ቱንም ሰው አንድ በአንድ አዳርሳ የተመለሰችው ስለታደለች አይደለም፤ 5፣ 3 እና 16 ተመርጠው የገቡ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው። የዛሬዎቹ ስልቶችም ከዚያው መንገድ አልወጡም። ሁለት ጃፓናውያን፣ ማኮቶ ማትሱሞቶና ታኩጂ ኒሺሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠሩት መርሴን ትዊስተር የተባለው ስልት ወደ መነሻው ሳይመለስ የሚሄድበት ርቀት ሲጻፍ ከ6,000 በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ራንደም ቁጥር ሲጠየቅ የሚጠቀመው በዚሁ ነው፤ ኤክሴልም ከ2010ሩ እትም ጀምሮ ወደዚሁ ዞሯል። ከዚያ በፊት የነበረው የ2003ቱ ኤክሴል በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር እንዲሰጥ ተጠይቆ ከዜሮ በታች ቁጥር ሲተፋ ተይዞ ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎችም ቀመር ይስታሉ።

ለብዙ ሥራ እንዲህ ያለው ስሌት ከበቂ በላይ ነው። ለምሳሌ ከአምቦ በነቀምቱ መንገድ ጉደርንና ጌዶን አልፈው ሲሄዱ ባኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ገበሬው ሁሉ «ቢኤች 660» የሚለው በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን «ቢ»ው ባኮ ማለት ነው። አንድ ዝርያ ከሌላው ይሻላል ለማለት ጎን ለጎን ዘርቶ ማየት ያስፈልጋል። ማሳ ግን ሁሉም ቦታው እኩል አይደለም፤ አንዱ ዳር ውኃ ይተኛበታል፣ ሌላው ዳር አፈሩ ተጠርጎ ሳስቷል። ተመራማሪው ተስፋ የጣለበትን አዲስ ዝርያ፣ ሳይታወቀውም ቢሆን፣ ደህናው አፈር ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ከዚያ በኋላ የተገኘው ምርት የዘሩ ይሁን የመሬቱ ማን ይለየዋል? እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮዛምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሳለ ያመጣው መፍትሔ ማሳውን በብሎክ ከፍሎ በየብሎኩ ውስጥ የትኛው ዝርያ የትኛው ፕሎት ላይ እንደሚዘራ በዕጣ መወሰን ነው። ዛሬ የሰብል ተመራማሪዎች «ራንደማይዝ አደረግነው» የሚሉት ይህን ነው። ዱሮ በቁጥር የተሞላ መጽሐፍ ተገልጦ ይሠራ የነበረውን ዕጣ አሁን ኮምፒውተር ይሠራዋል። እዚህ ስሌቱ መታወቁ ምንም አይጎዳም፤ አፈሩ ቀመሩን አያውቅም፣ ቢያውቅም የሚያዳላለት ዝርያ የለውም። እንዲያውም መነሻ ቁጥሩ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ያንኑ ድልድል መልሶ አውጥቶ ማየት እንዲችል።

ገንዘብ ሲገባበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ትንሿ ሕጋችን እንመለስ። ጸሐፊው የያዘው ቁጥር 9 ቢሆንና በመጀመሪያው እሑድ ብሩን ቢፈልግ የሚበቃው ለስልኩ 14ን መነሻ አድርጎ መስጠት ነው፤ 14 በ5 ተባዝቶ 3 ሲጨመርበት 73፣ ለ16 ሲካፈል የሚተርፈው 9። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ማንም ቢያጣራው እንከን አያገኝበትም። ሕጉንና መነሻ ቁጥሩን የያዘ ሰው የዓመቱን ዕጣ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞታል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ግዛቶችን ሎተሪ በጋራ በሚያካሂድ ማኅበር የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ የነበረው ኤዲ ቲፕተን፣ ዕጣ በሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ ጥቂት መስመር ጨመረበት። ፕሮግራሙ ዓመቱን ሙሉ እንደሚገባው ይሠራል፤ በዓመት በሦስት የተወሰኑ ቀናት ግን፣ የሳምንቱ ቀንና ሰዓቱ ከገጠመ፣ መነሻ ቁጥሩን ቲፕተን አስቀድሞ ሊያሰላው ከሚችለው ቦታ ይወስዳል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. አንዱ እንዲህ ያለ ቀን ነበር፤ ዕጣው 16.5 ሚሊዮን ዶላር። ፈታሾች ማሽኑን በሌላ ቀን ቢፈትሹት ምን ያገኛሉ? ምንም። ሰውየው የተያዘው ቲኬቱን ሲገዛ የሱቅ ካሜራ ስለቀረጸው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን አምኖ እስከ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የዚያ ዕጣ ገንዘብ ግን ለማንም አልተከፈለም።

ስለዚህ ጥሩ ስልክ መነሻ ቁጥሩን ሰው ሊገምተው ከማይችለው ቦታ ይለቅማል። ቺፑ ውስጥ በሙቀት ምክንያት የኤሌክትሪኩ ጉልበት ትንሽ ትንሽ ይዋዥቃል፤ ጣትዎ ስክሪኑን የነካበት ቅጽበት በሰከንድ ሚሊዮንኛ ቢለካ ሁለቴ አይገጥምም። እነዚህ ተለቅመው ይደባለቃሉ፤ ከዚያ ውጤቱን አይቶ ወደ ኋላ መመለስ በማይቻልበት ፋንክሽን ውስጥ ያልፋሉ። ባንክ ወይም ቴሌብር በአጭር መልእክት የሚልክልን የማረጋገጫ ቁጥር መምጣት ያለበት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በ5 አባዝተው 3 በሚጨምሩበት ዓይነት ስሌት ቢሠራ፣ ያለፉትን ጥቂት ቁጥሮች ያየ ሌባ ቀጣዩን ከእርስዎ ቀድሞ ያውቀዋል።

ተንኮል ሳይኖርም ዕጣ ይበላሻል። አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ላይ ፎቶ ቤቶች «ዲቪ እንሞላለን» ብለው የሚለጥፉበትን ወቅት የማያውቅ የለም። ለአሜሪካ የቪዛ ዕጣ፣ ለዲቪ 2012 (እ.ኤ.አ.)፣ ምዝገባው የተከፈተው መስከረም 25 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን ለአንድ ወር ያህል ቆይቷል። ከመላው ዓለም ከ14 ሚሊዮን በላይ ማመልከቻ ገባ። በሚያዝያ መጨረሻ ውጤቱ ሲወጣ 22,000 ያህል ሰዎች «ደርሶዎታል» የሚለውን አነበቡ። ቀኖቹ ሲታዩ ግን ከደረሳቸው ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞሉ ሆነው ተገኙ። ፕሮግራሙ ሊያደበላልቅ ተዘጋጅቶ ሳያደበላልቅ ቀርቷል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግንቦት 5 ቀን ዕጣውን ሰረዘ፣ ሐምሌ 8 ቀን እንደገና የወጣው ይፋ ሆነ። የደረሳቸው ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፣ አልተሳካላቸውም። ሻንጣ መግዛት ለጀመረ ሰው በጣም ያማል፤ ግን መሰረዙ ትክክል ነበር እላለሁ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሞላው ሚሊዮን ሰው ዕጣ ውስጥ እንዳልገባ ሳያውቅ ነበር የሚቀረው።

የአዲስ አበባው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ወጣ፤ 14ኛው ዙር የ20/80 እና 3ኛው ዙር የ40/60። ቀናት ሳያልፉ የከተማው አስተዳደር መቆጠብ የሚገባቸውን ያልቆጠቡ ሰዎች ስም ወደ ዝርዝሩ መግባቱን ገልጾ ዕጣውን ሰረዘው፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሠሩ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ማወዛወዙ የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆን ቆቡ ውስጥ የማይገባ ስም ከገባ ምን ዋጋ አለው? ሰው ዓይኑን የሚተክለው ዕጣው ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ነው። የሚታመነው ወይም የማይታመነው ግን ከዚያ በፊት፣ ዝርዝሩ ሲዘጋ ነው።

ከዕጣው በኋላ ያለውም ደቂቃ ዓይን ይፈልጋል። ስሞቹን ኤክሴል ላይ ደርድሮ በየስሙ ትይዩ ራንደም ቁጥር ያስቀመጠ ጸሐፊ ኤፍ9 የምትባለዋን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ሁሉም ይለወጣሉ። ሌላ ክፍል ላይ አንዲት ፊደል ቢጽፍም ይለወጣሉ። የወንድሙ ስም ላይ እስኪደርስ እየተጫነ ቆይቶ እዚያ ላይ «በቃ፣ ወጣ» ቢል ኮምፒውተሩ አልዋሸም። ስንት ጊዜ እንደሚጫንና ማን እንደሚጫን አስቀድሞ ካልተነገረ ያ ዕጣ አይደለም።

ለዕቁባችን ኮምፒውተርም ቆብም ሳያስፈልግ፣ ጸሐፊውንም ማመን ሳያስፈልግ የሚሠራ አንድ ስልት አለ፤ ከሒሳቡ ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። መጀመሪያ የማን ቁጥር ስንት እንደሆነ ደብተር ላይ ተጽፎ ሁሉም ያየዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቁብተኛ ከ0 እስከ 15 የፈለገውን ቁጥር ለብቻው ጽፎ፣ አጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። 16ቱም ከተቀመጡ በኋላ ወረቀቶቹ ይከፈታሉ፣ ይደመራሉ፣ ድምሩ ለ16 ይካፈላል። ድምሩ 117 ቢሆን 5 ይተርፋል፤ ዕጣው የ5 ቁጥር ነው። 15ቱ ተማክረው ቢመጡ እንኳ አንዲቷ ያልተማከረች ሴት የጻፈችውን እስካላወቁ ድረስ የእነሱ ድምር የትም አያደርሳቸውም፤ የእሷ ቁጥር ውጤቱን ከ16ቱ ወደ ማንኛቸውም በእኩል ዕድል ሊወስደው ይችላል። እሷ ግን ቁጥሯን ከልቧ በዘፈቀደ መጻፍ አለባት፤ ሁልጊዜ 7ን የምትጽፍ ከሆነ ሰዎቹ ይህን ይጠቀሙበታል። ሌላው አደጋ የመጨረሻው ሰው ነው። አንድ ሰው እንኳ የሌሎቹ ተከፍቶ ካየ በኋላ ቢጽፍ ዕጣውን ለራሱ አድርጎ ይደምረዋል፤ ስለዚህ አንዲት ወረቀት ሳትቀመጥ ሌላዋ አትከፈትም።

በሚቀጥለው እሑድ አንዱ ስለወጣለት ቀሪዎቹ ከ0 እስከ 14 አዲስ ቁጥር ይይዛሉ፣ ድምሩም የሚካፈለው ለ15 ይሆናል። የደረሰውም ሰው ቢሆን ወረቀቱን መጻፉን አይተውም፤ ከእንግዲህ ለማንም ማዳላት የማያስፈልገው እሱ ነውና።